ቧንቧ የሚይዝ ብረት

ማክሰኞ፣ ጥር 20። ማታ

ዛሬም ወደቀ። ሙሉ ቧንቧ፣ እግሬ ሥር። ጫፉ ላይ የመግጠሚያ ጥርስ እያወጣሁለት ነበር፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከአባባ እጅ አምልጦ ተሽከረከረ። የጥርስ ማውጫው እጀታ ከጣታቸው በስንዝር አለፈ። ጥርሱ ተበላሸ፣ ጫፉ ተቆርጦ ተጣለ። አባባ መሬቱን አዩና ድንጋዩን ወቀሱ። ድንጋዩ ተንሸራተተ አሉ። እሺ አልኩ።

ድንጋዩ አይደለም። አንቺ ማስታወሻዬ ታውቂያለሽ፣ እኔ አውቃለሁ፣ ባሌም ያውቃል። የአባባ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከመስቀል ወዲህ ብሶበታል።

አባባ አማቴ ናቸው፣ የባሌ አባት። ይህን የቧንቧ ሥራ ያስተማሩኝም እሳቸው። ቤት ስንሠራ ችግር የለም፣ ትልቁ ሞርሳ ጠረጴዛው ላይ በብሎን ታስሯል፣ ቧንቧውን ነክሶ ይይዛል። ሰው ቤት ስንሄድ ግን ሞርሳ ማን ይሸከማል? ቧንቧው ድንጋይ ላይ ይጋደማል፣ አንዱ በሁለት እጁና በጉልበቱ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። ድሮ እኔ ስይዝ እሳቸው ያዞሩ ነበር። "ቀቢ!" ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ያዢ ማለት ነው። ክንዴ ሲጠነክር ቦታ ተለዋወጥን። አሁን አዛዧ እኔ ነኝ። ለአማት "ቀቢ" አይባልም ታዲያ፣ በአክብሮት "ቀባ" ነው። ቀኑን ሙሉ ቀባ፣ ቀባ። አፌ ለምዶት ቤት ውስጥም ያመልጠኛል።

የፊታችን ሰኞ ሳይሆን በቀጣዩ ሰኞ ዲክሲስ ከተማ ያለው ሥራ ይጀመራል። ወ/ሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ፎቅ ቤት አሠርተዋል፣ የውሃው መስመር በሙሉ የኛ ነው። አባባ ከአሁኑ ቦርሳቸውን እያራገፉ ነው። ጣታቸው ዲክሲስ እንዳይቀር እፈራለሁ። አማቷን "እጅዎ ደክሟል፣ ይቅርብዎ" የምትል ምራት አሰላ ውስጥ ካለች ደግሞ ያሳዩኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ማርያም ናት። ሥራ የለም።

ለሚን አንተ ንገራቸው አልኩት። ለሚ ባሌ። የሁለተኛ ደረጃ መ/ር ነው፣ ጂኦግራፊ። የዓለምን ወንዞች ከነገባራቸው በቃሉ ይጠራል። ለአባቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር በል ሲባል ምላሱ ይታሰራል። አንቺን ይወዱሻል፣ አንቺው ንገሪያቸው ይለኛል። ጨጓራዬን ላጠው።

እሺ፣ ማንም አይነግራቸውም። በእጃቸው ፋንታ የሚይዝ ብረት እሠራለሁ። እግር ያለው፣ ተጣጥፎ በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ሚኒባስ ላይ የሚጫን፣ አናቱ ላይ ቧንቧ የሚነክስ መንጋጋ። ለአባባ "ወገቤን ስላመመኝ ነው" አልኩ። በማርያም ቀን ዋሸሁ፣ ይኸው ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሣልኩ። ሲዘረጋ ያምራል። ሲታጠፍ እግሩ እግሩን ይመታል። አጠፋሁ፣ ሣልኩ፣ አጠፋሁ። ወረቀቱ ተቀደደ።

ዓርብ፣ ጥር 23

የመጀመሪያው ተሠራ። መሠራቱ በቀረ።

በያጁ ምንዋለት ይባላል። ከጎጃም ከመጣ ጥቂት ወሩ ነው፣ ኦሮምኛ አንድ ቃል አልያዘም፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። ብየዳው ላይ እንከን የለም። እንከኑ የኔ ነው። አራት እግር! ምን አስቤ ነው? አራት እግር ሲሚንቶ ላይ ያምርበታል። ግቢያችን ውስጥ አንዱ እግር ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። አዙሬ ሞከርኩት፣ ሌላው እግር ተነሣ። አልሸሹም ዞር አሉ። ጠፍጣፋ ነገር ሥሩ አስገባሁ፣ ቆመ። ቧንቧ አስነክሼ ማዞር ስጀምር ማጠፊያው ከዳኝ፣ እግሩ ታጠፈ፣ ሁሉም ነገር ጉልበቴ ላይ ወረደ። አብጧል።

አባባ ፀሐይ እየሞቁ ያያሉ። ይቺ ጥጃ ገና ዛሬ ነው መሰለኝ የተወለደችው አሉ። ሳቅኩ። በሆዴ አልሳቅኩም።

እሑድ፣ ጥር 25

ሦስት እግር! የትም ይቆማል፣ ዳገትም ላይ ቢሆን። ደስ ብሎኝ ጮህኩ፣ ጎረቤት በአጥር አየኝ።

ደስታው እስከ ምሳ ድረስ ብቻ። ቧንቧው ሲዞር መቆሚያውም አብሮ ይዞራል። እኔ አዞረዋለሁ፣ እሱ ይከተለኛል፣ እንደ ጨፋሪ ግቢውን ዞርን። ድንጋይ ልሰርበት? ድንጋይ ከሸሸሁ በኋላ? ኤዲያ!

ማታ ላይ መጣልኝ። አንዱ እግር ላይ መርገጫ ላሜራ ይበየዳል። የሚያዞረው ሰው ራሱ አንድ እግሩን ያሳርፍበታል። ክብደቱ ይይዘዋል። እንዲህ ቀላል ነገር ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል? መንጋጋው ላይም ምንዋለት በሞረድ ጥርስ ያወጣለታል፣ ቧንቧ እንዳያንሸራትት። ማጠፊያዎቹ በብሎን ይቆለፋሉ።

ለሚ ሥዕሉን አየና ጎበዝ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ደሜ ፈልቷል። ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ቤት ነበርን፣ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ልንገጥም። እኔ ላይ፣ አባባ ታች መሰላሉን ይዘው። ነፋሱ ያው የጥር ነፋስ፣ አቧራ ይዞ የሚመጣው። ምንዋለት ደወለ። መንጋጋው ደርሷል፣ ልቀባው ወይስ እንዲሁ ትወስጂዋለሽ አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ነፋሱ መሰላሉን ነቀነቀው። ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ወደ ታች "ቀባ! ቀባ! ቀባ!" ብዬ ጮህኩ። አባባ ያዙት። ምንዋለት እሺ ብሎ ዘጋ።

አመሻሽ ላይ ሄድኩ። አረንጓዴ! ከእግር እስከ አናት በዘይት ቀለም፣ ሁለት ጊዜ፣ ያብረቀርቃል። መንጋጋውም ጭምር። በሞረድ አንድ በአንድ ያወጣው ጥርስ በሙሉ ቀለም ጠጥቶ እንደ ሳህን ልሟል። ቧንቧ አስገባሁ፣ ሟለጨ። ምንዋለት ግራ ገብቶታል። ሦስቴ ቅባ አላልሽም እንዴ ይለኛል፣ እኔ እኮ ምን አስቸኮላት ብዬ ነበር ይለኛል። ለሱ ምን እለዋለሁ? ይያዙ ነው ያልኩት፣ ደግሞ አንተን አይደለም፣ አማቴን ነው? ተሸክሜ ወጣሁ። ልብሴም ተቀባ።

ቤት ስገባ አባባ አዩኝ። ነገሩን ነገርኳቸው። ሳቁ። ከመስቀል ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም፣ እንባቸው እስኪመጣ። እኔም ንዴቴን ረስቼ ሳቅኩ። እዪው ለብረቱም እንደኔ "ቀባ" ተባለለት አሉ እየሳቁ።

ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። ሳቁ ቆመ።

መንጋጋውን ቀስ ብለው ዳሰሱ። ወገብሽ እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልኩ። ተነሥተው ገቡ። እራት አልበሉም።

ረቡዕ፣ ጥር 28። ጧት

አባባ የሉም። አልጋው ተነጥፏል። በመጀመሪያው ሚኒባስ ኦጎልቾ እህታቸው ጋ ሄደዋል፣ ያየ ጎረቤት ነው የነገረን። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኔው ነኝ።

ለሚ አሁን ምላሱ ተፈታ። ቀድመሽ በወግ ብትነግሪያቸው ኖሮ ይለኛል። እኔን! ያን ቀን አንተ የት ነበርክ? ኒጀር ወንዝ ዳር? ጮህኩበት። ልጆች ቢኖሩን ኖሮ ይደነግጡ ነበር።

ማታ። ቀኑን ሙሉ በሽቦ ብሩሽ መንጋጋውን ፋቅኩ። ቀለሙ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። አለቀስኩ መሰለኝ፣ ወይም የቀለሙ ሽታ ነው። አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 30

ይሠራል። በዳገቱም፣ በጭቃውም፣ ሙሉ ቧንቧ ነክሶ ንቅንቅ አይልም። ብቻዬን ጥርስ አወጣሁ፣ ንጹሕ። ታጥፎ በአንድ እጅ ተነሣ። ያሰብኩት አንድም ሳይቀር ሆነ።

ይህን ያህል የሚያናድድ ነገር አላውቅም። ቢበላሽ ይሻለኝ ነበር። ቢበላሽ፣ ይኸው ያለ እርስዎ አልሆነም ብዬ እሄድ ነበር። አሁን ምን ይዤ ልሂድ?

ነገ ኦጎልቾ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ተመለስን። ደክሞኛል። በአጭሩ።

ኦጎልቾ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ሹራቤን በክንዴ ይዤ ገባሁ። አባባ ከግራር ሥር ተቀምጠዋል፣ ቀኝ እጃቸው ኪስ ውስጥ። እህታቸው ወተት አቅርበውልኝ ገለል አሉ። እኔ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ መንገዱ። እሳቸው እህ፣ እህ። መጨረሻ ላይ ራሴን ጠላሁና ተናገርኩት።

"አባባ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን ጣትዎን ሊወስደው ነበር። ፈርቼ ነው። ወገቤን አላመመኝም፣ ዋሽቼዎታለሁ።"

እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እንዲንቀጠቀጥ ተዉት። ሁለታችንም አየነው።

"ኢንታላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው። "እጁ የኔ ነው፣ ካንቺ በፊት አውቄዋለሁ። ያስቆጣኝ እሱ አይደለም። ድንጋይ ስወቅስ እሺ አላችሁኝ። ልጄም እሺ፣ አንቺም እሺ። እንደ ሕፃን። እኔ ስንት ጊዜ ነው ቧንቧሽ ጠማማ ነው፣ አፍርሺ ያልኩሽ?"

ብዙ ጊዜ አልኩ።

"ታዲያ ለኔ ሲሆን ዝም ማለትን ማን አስተማረሽ?"

ወተቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ታዲያ ከእንግዲህ ምን ልሥራ አሉኝ። መቆሚያውን ስሠራ ስለ ቧንቧው ብቻ ነው ያሰብኩት። አላውቅም አልኳቸው፣ ቢያንስ እሱን አልዋሸሁም።

እመጣለሁ አላሉም። ቦርሳቸውን አንሥተው ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ።

እሑድ፣ የካቲት 2። ረፋድ

ጧት በብረት ድምፅ ነቃሁ። ወጣሁ። ውርጩ ገና አልቀለጠም። አባባ መቆሚያውን ዘርግተው ቧንቧ አስነክሰዋል፣ ጥርስ ማውጫውን ጫፉ ላይ ሊያስገቡ ይታገላሉ። እጁ እየዘለለ እምቢ አላቸው። እንደ ልማዴ ዝም ልል ነበር። አላልኩም። አይገባልዎትም፣ እኔ ላስጀምረው አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። እስቲ አሉ።

አስጀመርኩላቸው። እጀታውን ያዙ፣ መርገጫውን ረገጡ፣ በሙሉ ክንዳቸው ተጫኑት። እጁ ቆመ! ከባድ ነገር ሲገፋ አይንቀጠቀጥም! መያዝ ነው ያቃተው እንጂ ማዞር አላቃተውም። ድሮ እንደሚያዞሩት አዞሩ፣ ዘይቱ ፈሰሰ፣ ጥርሱ ወጣ። እንደ ድሮ ያለ ጥርስ። ለሚ በሩ ላይ ሻይ ይዞ ደርቆ ቀረ። እኔ ምንም ሳልይዝ ቆሜአለሁ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

አባባ ቀና አሉ። ወገባቸውን ያዙ። አሁን "ጎበዝ" ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ይህን መቆሚያ በማን ቁመት ነው የለካሽው አሉኝ። በራሴ አልኩ። አንቺ እኮ አጭር ነሽ አሉ። እኔ ዲክሲስ ድረስ ሄጄ እዚህ ላይ ጎንበስ ብዬ አልሠራም አሉ። ማጠፊያውም ይጮኻል። መርገጫውም ጠባብ ነው፣ የሴት ጫማ ብቻ ነው እንዴ የሚረግጠው? አረንጓዴውንስ ምን አመጣው?

ሁሉንም ነገሩኝ። አንድ በአንድ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ነገ ጧት ዲክሲስ ነን፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ ብየዳ ቤቱ ዝግ ነው። እንግዲህ ምንዋለትን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቄ፣ ለምኜም ቢሆን አስከፍተዋለሁ። እግሮቹ ይረዝማሉ፣ በአባባ ቁመት። እኔ ሳስጀምር የመፍቻው ሳጥን ላይ እቆማለሁ።