ቃሉን ሳያነሳ የሞተው ሰው

ይድረስ ለልጄ ለፌበን፤ ጌታ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እዚህ ካራ ሰፈርም ዝናቡ በርትቷል።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ በየቀኑ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ያስጀመረኝ ሰባኪያችን ኤልቃና ያዋሰኝ፣ ስለ ጥንቱ የጀርመን የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ መሪ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ሰውየው መዝሙሩንም ስብከቱንም ሳይታክት ሲጽፍ ኖረ። በስተርጅናው ግን የአይሁድ ቤት ይቃጠል ብሎ ጻፈ፤ ቃሉንም ሳያነሳ ሞተ።

«ጋሼ፣ ጥሩውን ይውሰዱና መጥፎውን ይተዉት» አለኝ ኤልቃና።

«የተጻፈበት ሰውስ እንዴት አድርጎ ይተወው?» አልኩት።

አምና ከእኛ እምነት ወጥተሽ እንጦጦ ራጉኤል ስታገቢ «ከእንግዲህ አባት የለሽም» ብዬ የጻፍኩልሽ ትዝ አለኝ።

ደብዳቤሽን ፍለጋ ፖስታ ሳጥኔን በየሰኞው ከፍቼ እዘጋለሁ።

ለባለቤትሽ ለዘረሰናይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ስሙን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

አባትሽ
አንጁሎ