የእግርህን ነገር በደንብ ጻፍልኝ

በአሰብ መንገድ ሥራ ላይ ላለኸው ለልጅ ልጄ ለሷሊሕ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። እንደምን ከርመሃል? የበረሃው ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ሆድህ፣ ዓይንህ፣ ጥርስህ ደኅና ናቸው ወይ? እግርህን ለብቻው ስለምጠይቅህ እዚህ አልደባለቅሁትም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እኔም ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር እናትህን ለማናደድ የሚበቃ ጤና አለኝ።

ደብዳቤህን ነጋዴው ኢብሮ ከባቲ ሲመለስ አደረሰልን። ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት ግን ድንጋይ ተንከባሎ ግራ እግርህ ላይ እንደ ወደቀ፣ ሰዎችም ተሸክመው ሲወስዱህ እንዳየ ነገረን። እናትህ እዚያው ደጅ ላይ ቁጭ አለች። አይዞሽ፣ ራሱ ጽፎልናል ብዬ ገለጥሁት። ምን አገኘሁ? «ላቮሮው በኦርዲኔ ይሄዳል። ካፖው ተደስቷል። ሁሉም ቤኔ ነው። ስልጣኔ ገብቷል።» እናትህ «እግሩስ?» አለች። ገልብጬም አየሁት፤ እግር የለበትም። ሁሉም ቤኔ ነው ይላል ብላት «ቤኔ ይራመዳል?» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። አንተ ቀበጥ፣ ሥራው በሥርዓት ይሄዳል፣ አለቃው ተደስቷል ማለት ምን አቃተህ? ደኅና ነኝ ማለትስ አፍ ያቆስላል?

ከነዚህ የጣልያን ቃላት ሸሽቼ የምገባበት ጠፍቶኛል። ጎረቤታችን ታከለ እዚህ በሚሠራው ድልድይ ላይ ሁለት ወር ድንጋይ አቀበለና፣ ዛሬ አውድማው ላይ በሬዎቹን የሚነዳው ቶሎ ቶሎ ማለትን ትቶ ፕሬስቶ፣ ፕሬስቶ እያለ ነው። በሬዎቹ ቆመው ያዩታል። የባሰው ደግሞ የመንገዱ አስተርጓሚ ነው። ባለፈው ወር መንገድ ሠሪዎች የጣሉት ድንጋይ ቦያችንን ዘግቶ ማሽላችን ሊደርቅ ሆነ። መቼ ይነሣልናል ብለን ሽማግሌዎች ሄድን። እሱ ስለ ስልጣኔ ያወራልን ጀመር። ስልጣኔ ባለ ቁጥር አንዳንድ የተስቢሕ ፍሬ ባሳልፍ፣ አላህ ይማረኝ፣ ሠላሳ ሦስት ሞላ። ድንጋዩ የሚነሣበትን ቀን ሳይነግረን ፀሐይ ዘቀዘቀች። በማግሥቱ ራሳችን በዲጅኖ ፈነቀልነው፤ የእናትህ ማሳ ግን ግማሹ ደርቆ ቀረ።

ልጄ፣ ያ ሰው ስልጣኔ እያለ የዋለው ድንጋዩን እንደማያነሣልን ላለመናገር ነበር። ደብዳቤህንም እሱን እያሰብሁ ደጋግሜ አነበብሁት። አንተስ በላቮሮና በቤኔ ሥር ምን ሸሽገህብን ይሆን? እግርህ ተቆርጦ ከሆነ ተቆረጠ በል። በቅሎ ለምኜ እመጣለሁ። እናትህም አንካሳ አትንቅም፤ እኔን ስንት ዓመት ችላኝ የለ።

እንግዲህ መልስህን እንዲህ አድርግ። ቃል አታብዛብኝ። ከሰል በውሃ በጥብጥ፣ ግራ እግርህን ቀባና ወረቀቱን ርገጥ። ኢብሮ ሲመለስ ይዞት ይምጣ። ጥለኸው የሄድከውን ነጠላ ጫማ እናትህ አውጥታ ጠርጋዋለች፤ ከላዩ አድርጋ ልትለካው ነው። አምስቱም ጣት ከተገኘ፣ ለዚያች ቀን ብቻ እኔም ቤኔ እላለሁ።

አያትህ ከዲጃ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሃለች። ታከለና ሚስቱ ጌጤ ሰላም ብለውሃል። እህትህ ናፊሳ እጅ ነስታ፣ «አባባም አህያዋን ፕሬስቶ ሲሏት ሰምቻለሁ ብለው ይጻፉልኝ» ብላለች፤ ውሸቷን ነው። እናትህ ዘምዘም ግን ሰላምታ አልላከችም። እግሩን ሳላይ ሰላምታ የለኝም ብላ ጫማውን ታቅፋ ተቀምጣለች።

አያትህ አብዱልሀኪም
ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.