ወደ ስሜን የሚሄድ ሻንጣ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ሹራቡ አልገባ አለ። አጠፍኩት፣ በጉልበቴ ተጫንኩት፣ እምቢ። ሻንጣው ሸራ ነው፣ ዚፑ ከተበላሸ ቆይቷል፣ በሲባጎ አስረዋለሁ። ቡልኮ ገብቷል። በሶ፣ የእጅ ባትሪ፣ ከቀበሌ ሱቅ የደረሰኝ ስኳርም ገብቷል። ስኳሩን አልነካሁትም፣ የልጄ የታደለ ነው። እሱ ስኳር በሻይ ይጠጣል እንጂ ሻይ በስኳር አይጠጣም።

ስሜን ተራራ ብርድ ነው። ለፋሲካ የመጣ ጊዜ ነግሮኛል፤ ጠዋት ጠዋት በጣሳ ያደረ ውሃ ድንጋይ ይሆናል አለ። እዚያ ዋልያ ነው የሚጠብቀው። ጠመንጃ ታጥቀህ ፍየል ትጠብቃለህ እንዴ ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። በመሠረተ ትምህርት የተማርከው ፊደል እንዳይጠፋህ በየቀኑ ጻፍ ብሎ አንተን ደብተሬን የገዛልኝም ያኔ ነው። ይኸው እጽፋለሁ። እናቱ ብትኖር ሻንጣ ማሰናዳት ታውቅበት ነበር። እኔ እንጃ።

ከፋሲካ ወዲህ ድምፁ የለም። ተራራው ጦርነት ገብቶበታል ይላሉ። ቅዳሜ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ይዤው እመጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6፣ ጠዋት 2 ሰ.

ዛሬም 11 ሰ. ላይ ሰዓት እላፊው ሲነሳ ወጣሁ። በሩን በቁልፍ ዘጋሁ። በአስኮ መንገድ ባሕር ዛፉ ጋ ደርሼ ፀሐይ እስክትወጣ ቆሜ ተመለስኩ። እግሬ ደንዝዟል። ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

ለምን? ላንተ ብቻ። ከጎንደር የመጣ አንድ ሾፌር አቶ ወልዴ ቤት ገብቶ ወጣ። አቶ ወልዴ የእድራችን ዳኛ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ ስለ ታደለ መጠየቅ ተወ። ልጅህ ደህና ነው ወይ የሚለኝ አንድ ሰው ጠፋ። ገባኝ። ግን መርዶ የሚነገረው ሳይነጋ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ በር ያንኳኳሉ። ፀሐይ ከወጣች አይነግሩም፣ ለማግስቱ ያሳድሩታል። እኔ ደግሞ ሳይነጋ ቤት የለሁም። ማንን ያረዳሉ? ግድግዳውን?

ያልነገሩኝ ነገር አልሆነም። በቃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

ቀበሌ ሄድኩ፣ የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ። የቀበሌው ሊ/መንበር ጮሆ እንጂ ተናግሮ አያውቅም። ባለፈው ለስብሰባ ዘገየህ ብሎ በሕዝብ ፊት አቁሞኛል፣ የልጅ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ። እኔም ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት።

ብድግ አለ። ጋሼ ይቀመጡ አለኝ። ወንበሩን ራሱ ሳበልኝ። ከደባርቅ ወዲያ መንገድ የለም፣ ወረቀቱን ብሰጥዎትም ኬላ ላይ ይመልሱዎታል አለ። ሲናገር ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ያለ ወረቀት እሄዳለሁ። ሽማግሌ ማን ይፈትሻል። ቤት ደርሼ ሻንጣውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ምንም አልጨመርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8፣ ከቀኑ 10 ሰ.

መጥፎ ቀን።

ለዳገቱ ጫማ ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። የኮልፌ ሰው ያውቀዋል፣ ሸምሱ ለገዛ ወንድሙ ዋጋ አይቀንስም። እኔና እሱ በአንድ ካልሲ ግማሽ ቀን ስንነታረክ የኖርን ሰዎች ነን። ወፍራም ሶል ያለው አንሥቶ በጋዜጣ ጠቀለለና ውሰድ አለኝ።

ስንት ነው?

ውሰድ አልኩህ እኮ።

ለማኝ መሰልኩህ እንዴ? ዋጋ ጥራ!

አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ዕድሜ ልክህን ሌባ ስትለኝ ኖረህ ዛሬ ብሰጥህ ደግሞ ትጣላኛለህ? አለና ዞር ብሎ ሌላ ጫማ መወልወል ያዘ። አዲስ ጫማ ምን ይወለወላል! ትቼለት መጣሁ።

ከዚያ ዘነበች ገባች፣ ጎረቤቴ። ምሳ ይዛ ነው። ሰሞኑን ሳትጠየቅ ታመጣለች፣ ስበላ ታየኛለች። ሳህኑን ልቀበል ቀና ስል፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። እንደ ለቀስተኛ። እሷም አየች፤ ቶሎ ብላ ገለበጠችው። ቤቴል ለቅሶ ደርሼ ረስቼው ነው ጋሼ በቀለ አለች። ማን ሞተ? አልኳት። የሚያውቋት አይደለችም አለች። እሺ ስሟ ማነው? ዓይኗ ሞላ።

የእድሩ ሴቶች ቀድመው ተሰብስበው አልቅሰዋል ማለት ነው። ለኔ ልጅ። ከኔ ተደብቀው።

አልበላሁም። ሳህኑን መለስኩላት። ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኳት፤ ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 9፣ ጠዋት 1 ሰ. ተኩል

ገና እንደገባሁ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ከተበላሸ ይቅርታ።

ብርዱ ጠናብኝና ዛሬ ከባሕር ዛፉ ቶሎ ተመለስኩ። ገና አልነጋም። ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ስደርስ ሰዎች በቤቴ በር ላይ ቆመዋል። ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። አቶ ወልዴ አለ፣ በከዘራ። ሸምሱ አለ፣ ጋቢ ተከናንቦ። የነፍስ አባቴም አሉ። ቁልፉን ያያሉ።

ሸምሱ፣ ዛሬም አመለጠን፣ እኔ ነገ አልመጣም፣ ይሂድና ተራራው ይንገረው አለ።

አቶ ወልዴን ሳል ያዘው፣ ብዙ ሳለ። በዕድሜ ከኔ ይበልጣል፣ እግሩም አያስሄደውም። ተራራ ምን አፍ አለው ሸምሱ አለ። እኔ ለበቀለ አይደለም የምመላለሰው አለ። ልጁ አባት እያለው ሳይለቀስለት ሊቀር ነው። የለቅሶው ድንኳን ተጠቅልሎ ሳምንት ሙሉ ይኸው ተቀምጧል አለ።

ሌላ ነገርም አሉ፣ አልሰማሁም። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ተያይተው ሄዱ። ሸምሱ አቶ ወልዴን በክንዱ ይዞታል።

ለካ በየቀኑ ነበር የሚመጡት። እኔ ያመለጥኩ መስሎኝ።

ያው አርብ፣ ማታ 12 ሰ.

ቀኑን ሙሉ ሻንጣውን ፊት ለፊት አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ይዤው እመጣለሁ ብያለሁ። ከየት ነው የማመጣው? መንገድ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ብደርስም ማንን ብዬ እጠራለሁ? ተራራው ላይ ወድቆ ማን አነሣው፣ ማን አፈር አለበሰው፣ አላውቅም። መቼም አላውቅም። እዚህም ሰፈሩ ሁሉ ዕንባውን ይዞ እኔን ይጠብቃል። ልጄን ሳይሞት ያቆየሁት መስሎኝ ያስቀረሁት ለቅሶውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ አልሄድም።

ሲባጎውን ፈታሁ። ቡልኮውን አልጋው ላይ መለስኩ። ስኳሩን ለዘነበች ሰጠሁ፣ ነገ ብዙ ሰው ይመጣል፣ ሻይ ይፈላበታል አልኳት። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ገባት። እጄን ይዛ ቆመች፣ አላለቀሰችም፣ ተራዬን ጠበቀችልኝ።

አግዳሚውን ከጓሮ አስገብቻለሁ፣ አቶ ወልዴ ቆሞ መናገር አይችልም። ቤቱን ጠርጌያለሁ። ነገ የትም አልወጣም። በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ፣ እንዳያንኳኩ። ሲገቡ ተነሥቼ እቀበላቸዋለሁ፣ እስኪናገሩም ዝም እላለሁ። ስሙን ሲጠሩት ግን እኔ ነኝ ቀድሜ የማለቅስለት።