የአያልነህ ስኳር ከየት መጣ?

ሰኞ
ስኳር ነው አሉት፣ ወንድሜን አያልነህን። ለእርሻ ሥራ በመጣንበት ሱዳን፣ ሐዋታ ካለው ክሊኒክ ክኒን ይዘን ወጣን። ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ የእሱ ሱሪ በገመድ ታስሮ ነው የሚቆመው። ከዘመዶቻችንም ያለበት አላውቅም። ውሃ ጠጥቶ የማይረካው ለካ በዚህ ነው። እኔ በሙቀቱ አሳብቤ ነበር።

ማክሰኞ
ሻይ ያለ ስኳር ሰጠሁት። ፊቱን አጨማደደ፣ ግን ጨረሰው። ትንሽ ድል።
ከሰዓት ሸሚዙን ሳጥብ ጀርባው የአረም መድኃኒት ይሸታል። ክረምቱን ሁሉ ማሽኑን አዝሎ ማሽላ ውስጥ ሲረጭ ይውላል፤ እየተንጠባጠበ ያረጥበዋል። በቆዳ ገብቶ ምን ያደርግ ይሆን? እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም።

ረቡዕ
ሐኪሟ ዘንድ ብቻዬን ተመለስሁ። ሱዳናዊት ናት፤ የተሰባበረ አረብኛዬን ትታገሠኛለች። የአረም መድኃኒቱ ይሆን ያመጣበት አልኋት። አልሳቀችም። የእርሻ መድኃኒትና የጭስ ብክለት ሰውነት ስኳርን የሚቆጣጠርበትን መንገድ ሊያዛባ ይችላል የሚሉ አጥኚዎች አሉ አለችኝ። የወንድምሽ ግን ከዚያ ነው ማለት አልችልም፣ ምክንያቱ ብዙ ነው ብላ ጨመረች።
ውሃ በምን እንደምናስቀምጥ ጠየቀችኝ። በመድኃኒቱ ባዶ ጀሪካን ነዋ። ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሐሙስ
ሌላ ሰው እንዳይቀዳበት ጀሪካኑን በቢላ ቀዳደድሁት። አያልነህ ተቆጣ። "ሁሉም ይጠጣበት የለም ወይ? እኔን ብቻ ለምን ያመኛል፣ እቴ?"
ጥሩ ጥያቄ ነው።
ቆይቶ፣ መርጨቱን ብተው የእርሻው ወኪል ያባርረኛል አለ። የሚያስፈራው ለካ ይኸ ነው።

ዓርብ
የእርሻውን ወኪል፣ እንደ አጎት ዐም የምንለውን ዑስማንን፣ ራሴ አነጋገርሁት። አያልነህን ወደ አረም ነቀላ አዙርልኝ አልሁት። "ሚስቴም ስኳር አለባት" አለ። እሷ እርሻ ረግጣ አታውቅም። ቤታቸው ግን ከመድኃኒቱ መጋዘን ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ሁለታችንም ወደ መጋዘኑ አየን።
"ማዕሌሽ፣ ግድ የለም፣ ከአራሚዎቹ ጋር ይግባ" አለኝ።

ቅዳሜ
የአያልነህ ስኳር ትንሽ ወርዷል። ክኒኑ ይሁን ሻዩ አላውቅም። እኔም ክሊኒኩ ውስጥ ለምርመራ ጣቴን ሰጠሁ፤ ደህና ነሽ አሉኝ። ከአንድ ጀሪካን ጠጥተን እሱን ይዞ እኔን ለምን ተወኝ? እፎይታውም ግራ መጋባቱም አብረው መጡ።
አያልነህ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ መጣ። በእሱ ቦታ ማሽኑን ማን እንደሚያዝል ዐም ዑስማንን አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ቤት ከገባን በኋላ ነው።