«አለፈ» ብሎ መደወል

ኖርዝ ፕላት ከተማ አጠገብ፣ ማርች 9 ቀን 1928። ጭጋግ ነው። ቤት የነበርነው እኔና ሊጠይቀኝ የመጣው የአውሮፕላን ሜዳው ኃላፊ ክላረንስ ነን።

ለምወድህ ወንድሜ ለኤቨረት፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ።

አንተ በዚህ መስመር የፖስታ አውሮፕላን በምታበርበት ዘመን ሞተርህን ከሩቅ በሳሉ እለየው ነበር። ከጣሪያችን በላይ ክንፍህን ዘንበል አድርገህ ስታልፍ ወዲያው ወደ ሜዳው ደውዬ «አለፈ!» እል ነበር። ዛሬም የምደውለው እኔው ነኝ። ካልደወልኩ የሜዳው ሰዎች አውሮፕላኑ ወድቋል ብለው ፍለጋ ይወጣሉ።

ትናንት ስላልደወልኩ ክላረንስ ሰዎቹን በበረዶው ውስጥ በከንቱ አሰማርቶ ነበር።

«ኮራ፣ እንቅልፍ ጥሎሽ ነበር እንዴ?» አለኝ ዛሬ ሲመጣ።

«የዘንድሮ ሞተር እኮ ድምፅ የለውም» አልኩት።

«ድምፅ የለውም? ላሞቼን አስደንብሮ ወተት አስከለከለኝ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ሳቀ። ያለውን ሁለት ጊዜ አስደግሜው እኔም ሳቅሁ።

ሚስትህን ሳምልኝ። በምትበርበት ሁሉ ሰማዩ ይጥራልህ።

እህትህ ኮራ

ደብዳቤው ሳይታሸግ አደረ። ዛሬ ጠዋት የፖስታው አውሮፕላን የሚያልፍበት ሰዓት ሲደርስ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ፤ መዳፌንም በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ጆሮዬ ምንም ባይሰማም መስታወቱ ከመዳፌ ሥር ሲንቀጠቀጥ ወደ ሜዳው ደወልኩ።