የሚስ ሜርል መራራ ሻይ

ጋሃና፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
መጋቢት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰምሀልዬ ልጄ፣

ፖርትላንድ ዝናቡ ገታ አለልሽ ወይ? ባለፈው በስልክ ስታስነጥሺ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ስኳሬ ተስተካክሏል፤ ሐኪሙም አይቶኝ ደስ ብሎታል። የጀመርኩልሽን ወሬ ግን አላስጨረስሽኝም። አንቺም በእንግሊዝኛ ትፈጥኚብኛለሽ፣ ሚቲንግ አለብኝም ትያለሽ፤ አልፈርድብሽም። ስለዚህ ልጻፍላት አልኩ። ፊደሉ ከከበደሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፣ ይገባሻል።

የምጽፍልሽ ስለ ሚስ ሜርል ነው። አንቺ የምታውቂያት በዚያች ክፉ ቀን በስልክ ብቻ ነው። «እናቴን ምንድን ነው ያጠጣሻት?» ብለሽ የጮኽሽባት ሴት ናት። እኔ የማውቃትን ደግሞ ስሚኝ።

አባትሽ ባረፈ በመጀመሪያው ዊንተር ክፉ ሳል ያዘኝ። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከጎን ላለችው ጃማይካዊት ሳሌ ሲሰማት ከርሞ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት በረዶው ላይ በነጠላ ጫማ ቆማለች፤ ድስት በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋለች። ከዚያ በፊት መኪና ማቆሚያው ጋ ሰላም ከመባባል በቀር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ክዳኑን ስታነሳው ሽታው የጠጅ ሳር ሆነብኝ። እነሱ የትኩሳት ሳር ነው የሚሉት። ዝንጅብል ጨምራ አፍልታዋለች። እሱን ጠጥቼ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ደረቴም ቀለል አለኝ።

ከዚያ ወዲህ መምጣት ለመደች። እናቷ በመንደራቸው ቅጠል አዋቂ ነበረች አሉ። እሷ ግን እዚህ መጥታ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ልጆቿ ፍሎሪዳ ናቸው። በሰመር ቅጠሉን ጓሮዋ ውስጥ በባልዲ በባልዲ ትተክለዋለች፤ የማይበቅልላትን ከካሪቢያን ሱቅ ትገዛለች። ጉልበቴን ሲያመኝ የጉሎ ዘይት አሙቃ ታሽልኛለች። ሆዴ ሲነፋ ዝንጅብል ታመጣልኛለች። ራሴን ሲያመኝ ቅጠል የተዘፈዘፈበት አልኮል ግንባሬ ላይ ታደርግልኛለች። እሷም እንቅልፍ እምቢ ሲላት የጊሽጣ ቅጠል ቀቅላ ትጠጣለች። እኔም በዚያችው እንግሊዝኛዬ ስለ ዳማከሴ ስነግራት ቆይቼ፣ አንድ ቀን ጤና አዳም ባስሸትታት በአገሯ ስም ጠራችው። በአገራቸውም አለ ለካ። የዚያን ቀን ሁለታችንም ያለ ምክንያት ብዙ ሳቅን።

ከሁሉ የሚመረው ሰራሲ የሚሉት ሐረግ ነው። ደም ያጠራል ብለው ለብርድም፣ ለሆድም፣ ለቆዳም ይጠጡታል። ክንዴን ሳክክ አይታኝ ነው ያመጣችልኝ። ምሬቱን በምን ልንገርሽ፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። እስክጨርስ ድረስ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ትኩሱን ጭልጥ አድርጊው፣ ከቀዘቀዘ ይብሳል ብላኝ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ አቀዝቅዤ፣ በትንሽ በትንሹ ነበር የምጠጣው። እከኩ ከተወኝ በኋላም አምጪልኝ አልኳት። እሷ የፍሎሪዳዎቹን፣ እኔም አንቺን እያነሳን ቀኑ ሳይታወቀን ይመሽ ነበር።

ጾሙ ሲገባ፣ አንቺ አትጹሚ ብለሽኝ ሳለ ጾምኩ። ያን ቀን ጠዋት የስኳር ኪኒኔን ውጬ እህል ሳልቀምስ ዋልኩ። ሚስ ሜርል ቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ነበራትና ሰራሲውን ቀደም ብላ አመጣችው። እሷ ስኳር እንዳለብኝ አታውቅም። እኔም ሐረጉ ስኳር እንደሚያወርድ አላውቅም። ኪኒኑ፣ ባዶ ሆዴና ሻዩ ተገናኙ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቤቱ ዞረብኝ፣ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ምንጣፉን ነው።

እሷ ግን አልደነገጠችም። ስንት ዓመት በሽተኛ ስታይ የኖረች ሰው ናት። ከኩሽና ስኳር አምጥታ በጣቷ ድዴን ቀባችኝ፣ ናይን ዋን ዋን ኮል አደረገች፣ ቀጥላም በስልኬ ላንቺ ደወለች። የአምቡላንሱ ልጅ «ያቺ ሴትዮ ባትኖር ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለኝ። አስጨርሺኝ ያልኩሽ ይህን ነበር። ሻዩን ያመጣችው እሷ ናት። ያተረፈችኝም እሷ ናት።

ከሆስፒታል ስመለስ አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። በግድግዳው በኩል ቴሌቪዥኗ ይሰማኛል፣ ድስት ስታስቀምጥ ይሰማኛል። በመጨረሻ እኔው ሄጄ አንኳኳሁ። ቆይታ ከፈተችልኝ። በሩ ሥር ትልቅ የቆሻሻ ከረጢት አቁማለች፤ ያደረቀችውን ቅጠል ሁሉ ለመጣል እዚያ ውስጥ ከታዋለች።

«እናቴ በዚህ ስንት ሰው አሳድጋለች» አለችኝ። «እኔ ግን ልገድልሽ ነበር።»

ጾሙም አለበት፣ ኪኒኑም አለበት፣ ብቻሽን አትሸከሚው አልኳት።

«ልጅሽ እውነቷን ነው» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከረጢቱን አንስቼ ፋርማሲ እንሂድ አልኳት። ሃይ ስኩል አብራሽ የተማረችው ብሩክታዊት ናት እዚያ ያለችው። እግዜር ይስጣት፣ ሰው እየጠበቃት እንኳን ቅጠሉን አንድ በአንድ ኮምፒውተሯ ላይ እያየች ነገረችን። ሰራሲ ለኔ ፈጽሞ አይሆንም። የጊሽጣው ቅጠል ከግፊት ኪኒኔ ጋር አይስማማም። የጉሎው ዘይት ለጉልበቴ ምንም አይለኝም። የትኩሳቱ ሳርና ዝንጅብሉም ቀለል ተደርገው፣ ከምግብ በኋላ ይሁኑ አለች። ሚስ ሜርል መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ሁለቴ አስደገመቻት። የንስሐ አባቴም ከጾሙ አውጥተውኛል፤ አሁን ቁርሴን እየበላሁ ነው።

ይኸው አሁንም ሻይ ታመጣልኛለች። ግን በር ላይ ሰጥታኝ ትመለሳለች። ግቢ ስላት እሳት ላይ የጣድኩት አለ ትለኛለች። ምንም አልጣደችም፤ ብትጥድ ኖሮ ይሸተኝ ነበር። ዓይኔንም አታየኝም። የኔ ቃል አልበቃትም ልጄ። አንቺ ነሽ የተናገርሻት፤ የምትጠብቀውም ያንቺን ይመስለኛል።

ደውዪላት። ቁጥሯን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ስለ ቅጠሉ ምንም አታንሺባት፣ ይቅርታ ማለቱ ከከበደሽም እሱን ተዪው። «እናቴ ጋ ገብተሽ ቁጭ በይልኝ» በያት፣ ይበቃል።

ለፋሲካ አልመጣም ማለትሽን ሰምቻለሁ። ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል። በኔ ምክንያት ደግሞ ፈቃድ ጠይቀሽ እንዳትቸገሪ። አሁን ደህና ነኝ ብዬሻለሁ። የላይኛውን ክፍልሽን ሂተር ከፍቼዋለሁ። አንሶላውንም ቀይሬዋለሁ። ቤት ዝም ብሎ ሲዘጋ ስለሚታፈን ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ያጋጥምሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። ሳይርብሽ ብዪ፣ ሳይደክምሽ ተኚ።

የምትወድሽ እናትሽ
ሮማነወርቅ