«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ስላሉት የመላጊያ ማሽን ኦፕሬተር

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት

ቀን፦ ሐሙስ፣ የማሽን ክፍሉ በር በታሸገ በዘጠነኛው ቀን

ጉዳዩ፦ «ተቃጥሏል» የሚለው ቃሌ እንዲነሣ፣ እሽጉ እንዲፈታና የመላጊያ ማሽኑ ኦፕሬተር ካልተነሣ እሳት ተጠያቂነት ነጻ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

እኔ በድርጅታችን የጥገና ክፍል የማሽን ሞተሮችን ስፈታና ስገጥም አሥራ አራት ዓመት የሞላኝ ሠራተኛ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ቢሮዎን የረገጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ስቀጠር፣ አንዴ ደግሞ የጣሪያ ማራገቢያዎ ስብሰባ መሐል መንቋቋት ሲጀምር። ይህ ሦስተኛዬ ሲሆን፣ የነገሩ መነሻ የገዛ እጄ ጽሑፍ ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ እንደቀረብኩ ይቆጠርልኝ።

1. ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ትልቁ የእንጨት መላጊያ ማሽን አልነሣ አለ። የማስነሻው አዝራር ሲጫን ሞተሩ «እምምም» እያለ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ከግድግዳው የመቆጣጠሪያ ሳጥን በኩልም ትንሽ የተለበለበ ፕላስቲክ ይሸታል። ኦፕሬተሩ ወዲያው አጥፍተው ጠሩኝ። እኔ በዚያ ሰዓት የመሰርሰሪያውን ማሽን ሆድ ዕቃ ዘርግፌ እጄ ግራሶ በግራሶ ነበር። መጣሁ፣ አሸተትኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። የንብረት ክፍሉ ጸሐፊም የሳምንቱን ቅጽ ለመሰብሰብ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ስለነበር፣ «የብልሽቱ ዓይነት» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ ሳልከፍትና ሳልለካ፣ «ተቃጥሏል» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ከዚያም ወደ መሰርሰሪያዬ ተመለስኩ።

2. ክቡርነትዎ እንዲረዱልኝ የምለምነው፣ በእኛ በጠጋኞች አፍ «ተቃጠለ» ማለት «አልሠራም አለ» ማለት መሆኑን ነው። አምፖል ይቃጠላል፣ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ስልክ ይቃጠላል። ድንጋዩ ያለቀ የእጅ ባትሪ ይዞ «ተቃጠለብኝ» እያለ የመጣ ሰው አውቃለሁ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ እኔም አላውቅም፤ ነበልባል ግን አንድም ቀን አላየሁም። አዲሱ የንብረት ክፍል ጸሐፊ በቅርቡ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው የመጡ፣ የተጻፈውን እንደተጻፈ የሚያነቡ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ቅጼን በ«እሳት አደጋ» ፋይል ውስጥ አስገቡት። በእሳቸው አልፈርድም።

3. በማግስቱ ረቡዕ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ሁለት የእሳት ማጥፊያ ተሸክሞ መጣ። እኔ መለዋወጫ ላወጣ መጋዘን ሄጄ ስለነበር የሆነውን የሰማሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ነው። ኮሚቴው ግድግዳ ዳሰሰ፣ ጥላሸት ፈለገ፣ አጣ። በመጨረሻ «ማን ነው ያጠፋው?» ብሎ ጠየቀ። ኦፕሬተሩ ስለ ማሽኑ የተጠየቁ መስሏቸው፣ እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። እሳቸው አዝራሩን ተጭነው ሞተሩን ማጥፋታቸውን ነው የተናገሩት። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የሰፈረው «ኦፕሬተሩ ጥፋታቸውን አምነዋል» የሚል ነው።

4. በዚሁ መሠረት ክፍሉ ታሸገ፣ ማሽኑ ከሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ገባ፣ ኦፕሬተሩም ውሳኔ እስኪሰጥ ቤታቸው እንዲቆዩ ተነገራቸው። እኔ አዲሱን መለዋወጫ በእጄ ይዤ ስመለስ በሩ ላይ ሰም አገኘሁ። መለኪያዬ፣ ጃኬቴና ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ቀሩ። ምሳ ዕቃው «ከአደጋው የተረፈ ንብረት» ተብሎ መመዝገቡን ሰምቻለሁ። ክዳኑ ሳይከፈት ዘጠኝ ቀኑ ነውና፣ መትረፉን እኔ እጠራጠራለሁ።

5. አሁን ወደ እውነተኛው ብልሽት ልለፍ። ከመጻፌ በፊት ላደርገው የሚገባኝን ያደረግሁት ከጻፍኩ በኋላ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ሞተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዘውን ቺንጋ አውልቄ ሞተሩን በእጄ ባዞረው ያለ አንዳች እንቅፋት ዞረ፤ ዘንጉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። የውስጡን ጥቅል ሽቦ ሦስቱንም ለካሁ፤ እኩል ናቸው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ አካል የሚያፈስም የለም። የተቃጠለ ሽቦ እንዲህ አይነበብም። ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ስለካ፣ ሦስት መስመር መምጣት ሲገባው የመጣው ሁለት ብቻ ሆነ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ቀርቷል። መስመሩን ተከትዬ ስሄድ ኮንታክተሩ ጋ ደረስኩ፤ ይህም አዝራሩ ሲጫን ሦስቱን መስመሮች ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈው ማብሪያ ነው። ከሦስቱ መገናኛዎች አንዱ ጠቁሮ መግጠም አቅቶታል። ሽታውም የመጣው ከእሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ፋይልና ሰም የተነሣው የጥፍር ያህል መጠን ባላት መዳብ ነው። ይህንኑ በዚያው ቀን ለጸሐፊው በቃል ብነግራቸው፣ በጽሑፍ የገባ በጽሑፍ ነው የሚወጣው አሉኝ። ትክክል ናቸው።

6. እዚህ ላይ ሳልደብቅ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ ኦፕሬተሩ የባለቤቴ አባት ናቸው፣ የሚኖሩትም ከእኛ ጋር ነው። ለዘመድ አደላ እንዳልባል የልኬቱን ገጽ አያይዣለሁ፤ ማንኛውም ባለሙያ እንደገና ይለካው።

ሆኖም ቤቴ ያለውን ሁኔታ ክቡርነትዎ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። አማቴ በዚያ ማሽን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመዋል፤ የሚመጣው ሳምንት ዓርብ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነው። ከዚያ ጡረታ። አሁንም ጠዋት ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው ይነሣሉ፤ መሄጃ ግን የላቸውም። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማያውቁ የቤቱን በሮች አንድ በአንድ እያወለቁ በእጅ መላጊያ ላጓቸው። መጀመሪያ ጥብቅ የነበረው በር ላላ፤ ላላ ያለው ደግሞ አሁን ዝግም ሆኖ ጎረቤት ያሳያል። ባለቤቴ «የአባቴን ስም አቃጠልከው» ካለችኝ ወዲህ ወጥ ቤት የምገባው ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አስፈቅጄ ነው። እሳቸውም «ልጄ» ይሉኝ የነበረውን ትተው «ባለሙያው» ብለውኛል። «ባለሙያው ጨው ያቀብለን» ሲሉ መስማት ከባድ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ የመኝታ ቤቱን በር ጉልበታቸው ላይ እንዳስተኙ፣ «እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት?» ብለው ጠየቁኝ። አለመቃጠሉን ነገርኳቸው። መላጊያቸውን አስቀምጠው፣ «ወረቀት ላይ ሌላ፣ ቤት ውስጥ ሌላ አትናገር። እውነት ከሆነ በጽሑፍ አምጣው» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ይህ አቤቱታ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው። እሽጉ ይፈታልኝ፤ አዲሱ ኮንታክተር እስካሁን ከኪሴ አልወጣም፣ ለመግጠም ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል። ማሽኑ ከሚወገዱት ዝርዝር ይውጣ። አማቴ ወደ ሥራቸው ይመለሱና የመጨረሻውን ሳምንት በማሽናቸው ላይ ይፈጽሙ። በቅጹ ላይ «ተቃጥሏል» የሚለው ተሰርዞ «ሳይመረመር ተጽፏል» ይባል፤ ለዚህ የሚሰጠኝን ማስጠንቀቂያ ያለ ቅሬታ እፈርማለሁ። ምሳ ዕቃዬ ሲከፈት ግን የኮሚቴው አባላት ራቅ ቢሉ ይሻላል።

የእሳቸው ቃል ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አልጠይቅም። አንድ ቃል ብቻ ይጨመርበት፤ «ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ተብሎ ይነበብ። አንድ መስመር የጎደለው ሞተር ሳይዞር እያጉረመረመ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ሽቦው ከምር ይቃጠላል። ሌላ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ «እስቲ ትንሽ እንየው» ብሎ አዝራሩን ደጋግሞ ይጫን ነበር። እሳቸው ግን ድምፁን በሰሙባት ቅጽበት የማሽናቸው ድምፅ አለመሆኑን አውቀው አጠፉት። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አዎ፤ ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ባያጠፉት ኖሮ የእኔ ቃል እውነት ይሆን ነበር።

ከአክብሮትና ከይቅርታ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የጥገና ክፍሉ ሞተር ጠጋኝ

አባሪ፦ የማክሰኞ ከሰዓት ልኬት፣ አንድ ገጽ፣ ግራሶ የነካው

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል ጸሐፊ
ለአጣሪ ኮሚቴው
ለመላጊያ ማሽኑ ኦፕሬተር፤ ዛሬ ቤት ስገባ በእጄ የምሰጣቸው፣ «በጽሑፍ አምጣው» ስላሉኝ